የሩቢ ፋሲካ

ባለፈው ቅዳሜ ካልጋሪ ውስጥ፣ ሳቫና በሚባል ሰፈር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ቤት ጎራ ብል፣ በረዶው ገና ያልለቀቀው ዶሮ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ተጋድሞ አገኘሁት። በረዶው እየለቀቀ ያለ ዶሮ ጠረን አለው። ሰው ሁሉ አይሸተውም፤ ብረት ብረት፣ ደም ደም የሚል ቀዝቃዛ ጠረን ነው። አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ወንበር ያዝኩ።

«እትዬ፣ ኦኬ ኖት? ቁጭ ይበሉ እንጂ!» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

«ደኅና ነኝ። ዶሮሽ ሸቶኝ ነው።»

«ትናንት እኮ ነው የገዛሁት! ኤክስፓየር አላደረገም፣ ይኸው ይዩት።»

ላስቲኩን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥታ ቀኑን አሳየችኝ። ተቀይማለች። ምን ብዬ ላስረዳት? እኔ አክስትሽ በየማለዳው እንዲህ የሚሸት የጫጩት ሬሳ በኪሴ ይዤ የምዞር ሴት ነበርኩ ልበላት? ልጆቿ የሚያውቁኝ በጉልበት ሕመሜና በከረሜላዬ ብቻ ነው። ሽንኩርት ከተፍኩላት፤ እንባዬንም በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ያኔ ሳቫና የሚባል ሰፈር አልነበረም። ዛሬ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የቆሙበት ቦታ ሁሉ ሜዳ ነበር፤ ነፋስ ብቻ ይመላለስበታል። እኛ አዲስ መጤዎች የምንኖረው መሃል ከተማው፣ ቤልትላይን ነው። አሁን በዚያ ሳልፍ ውሻቸውን ካፖርት አልብሰው የሚያንሸራሽሩ ወጣቶች አያለሁ፤ ቁርስ ለመብላት ተሰልፈው የሚቆሙ ሰዎች አያለሁ፤ ቁርስ በሰልፍ! በእኛ ጊዜ ሊፍቱ ከሠራ ለወሬ የሚበቃ ሕንፃ ውስጥ ነበር የምንኖረው። ምንጣፉ ድሮ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሚያውቅ የለም። ከታች ያለው ካፌ ወፍ የታተመባትን የአንድ ዶላር ሳንቲም ከሰጡት ቡናና ዶናት አቅርቦ መልስ ይመልሳል። ርካሽ ያልነበረው ስልክ ነው። የቀሩ ዘመዶቻችን ወዳሉበት ናይሮቢ መደወል የአንድ ደቂቃው ዋጋ ከምሳ ይበልጥ ስለነበር፣ ሰው የሚናገረውን በወረቀት ጽፎ አንብቦ ይዘጋ ነበር። ካሴቶቻችን ከቅጂ የተቀዱ የቅጂ ቅጂዎች ናቸው፤ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፤ ቢሆንም እናለቅስበታለን። ልብሳችን ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የተገዛ፣ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት ነው። እልፍነሽ የወርቅ ቀለም ቁልፎች ያሉት የወይን ጠጅ ካፖርት ነበራት፤ ሁለት ቁልፍ ይጎድለዋል። በዚያ ካፖርት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ትመስል ነበር። ስለ እልፍነሽ እመጣለሁ።

ጫጩት በኪሴ ያስያዘኝን ሥራ የጀመርኩት በጽዳት ነው። የሚያስቀጥረው ሰው «የወፍ ቤት ጽዳት» ሲለኝ ዶሮ እርባታ መስሎኝ እሺ አልኩ። በማግስቱ ከከተማው በስተምሥራቅ ካለ አንድ ገለልተኛ ግቢ ወስደው ሲያወርዱኝ፣ በእያንዳንዱ የእንጨት ክፍል ውስጥ አንድ አንድ ጭልፊት ተቀምጧል። አገሬ ጭልፊት ስናይ «ጫጩት አስገቡ!» እያልን የምንጮህባት ናት፤ እዚህ ለጭልፊት ቤት ሠርተው፣ ሠራተኛ ቀጥረው፣ ጫጩት በካርቶን ያስመጡለታል። ሮይ የሚባለው ባለቤቱ ረጅም፣ አንዱን የጆሮውን ጫፍ ብርድ የበላው ሰው ነው። ለወፎቹ ሲናገር ድምፁ ማር ነው። ለሰው ሲናገር እንደሚተፋ ነው። ሥራው የከተማውን የቆሻሻ መጣያ ከሲጋሎች መጠበቅ ነበር። ሲጋል ያው ያ ነጭና ግራጫ፣ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ድንች ጥብስ ሲለቅም የምናየው ጯሂ ወፍ ነው። በሺህ ሆኖ ቆሻሻው ላይ ይወርዳል፤ አጥንቱንም ላስቲኩንም አንጠልጥሎ ሰው ጣሪያ ላይ ይጥላል። ጥይት አይጨርሰውም፤ የሚፈራው ጭልፊት ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሮይ አንዲት ሕያው እርግብ እጄ ላይ አስቀመጠና «ግደያት፤ የቀትር ምግባቸው ናት» አለኝ። እኔ በዕድሜዬ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም። በእኛ ወግ ሴት አታርድም። ባሏ ከሌለ ቢላዋና ዶሮ ይዛ በር ላይ ትቆምና አላፊ አግዳሚውን ወንድ «ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ» ትላለች። እኔም ባሌ ከሞተ በኋላ በየበዓሉ እንዲያ ቆሜያለሁ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ዶሮዬን ባርኳል። እዚያ ግቢ ግን አላፊ አግዳሚ የለም፤ ሮይ ብቻ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። አንገቷን ጠመዘዝኩት። ሞቃት ነበረች፤ ክንፏ ጥቂት ጊዜ ክንዴን መታኝና ተወ። ሰማይ አልወደቀም። ሮይ በአገጩ ወደ ቀጣዩዋ ጠቆመኝ፤ እሷንም ጠመዘዝኳት። አንድ ነገር ከእኔ ወጥቶ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ሲሄድ ደግሞ ቀለለኝ እንጂ አልከፋኝም። በዓመቱ ከጽዳት ወደ ማብረር አሳደገኝ።

ቀናችን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሮይ በአሮጌ ፒካፑ እየዞረ ይለቅመናል፤ ሬዲዮው የላም ጠባቂዎች ዘፈን ያሰማል፤ ሁሉም ዘፈን ስለ ሄደች ሚስት ነው። ግቢ እንደደረስን መጀመሪያ ሚዛን። እያንዳንዷ ጭልፊት ሚዛኑ ላይ ወዳለው እንጨት ትወጣለች፤ ክብደቷ ይነበባል፤ የዚያን ቀን ዕጣዋ በዚያ ይቆረጣል። ጭልፊት ሰው አትወድም፤ ሮይ ይህን የነገረኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ወደ ጓንትሽ የምትመለሰው ስለራባት ብቻ ነው። ከጠገበች ዛፍ ላይ ተቀምጣ ላባዋን እያበጠረች ትንቅሻለች፤ ደግሞም ትሄዳለች። በጣም ከራባት ትደክማለች፤ ትሞታለች። በመሃል አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ እዚያች ላይ ዓመቱን ሙሉ ማኖር ነው የጭልፊት አብራሪ ሙያ። ሁለት ጫጩት በቀን፤ አንዳንዴ አንድ ተኩል። ግማሿን ጫጩት በመቀስ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወደ ቆሻሻው ክምር። ዶዘሮቹ ሲጀምሩ ሲጋሎቹ ከወንዙ በኩል ይመጣሉ፤ ሰማዩ የተቀደደ ትራስ ይመስላል። ሩቢን ጓንቴ ላይ ይዤ ከመኪናው እወርዳለሁ። ሩቢ ቡናማ፣ ትከሻዋ እንደ ሸክላ የቀላ፣ ሮይ ከልጆቹ አብልጦ የሚወዳት ሴት ጭልፊት ነበረች። እግሯ ላይ ያለችው ቃጭል ትንሽ ናት፤ ሲጋሎቹ ግን ያቺን ድምፅ ያውቃሉ። ክንዴን ስወረውር ትነሳለች፤ ያ ሁሉ ጯሂ መንጋ አንድ ላይ ብድግ ይላል። ማባረር ነው እንጂ መግደል ሥራዋ አልነበረም። ግን በሳምንት አንዴ አንዱን ብትይዝ ሌሎቹ ያስታውሳሉ ይላል ሮይ። ስትይዝ ሮጬ እደርሳለሁ። ክንፉ የተሰበረውን፣ ዐይኑ የወጣውን ሲጋል ጨርሼ የምጥለው እኔ ነኝ። ያልዋሸሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ደስ ይለኝ ነበር። በስደት ካምፕ ዱቄት ለመቀበል ስሰለፍ፣ የሚያሰልፉን ሰዎች ፊት ላይ የማየው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሌላውን በርሃብ ማዘዝ ጣዕም አለው። ሩቢ በርሃብ ስታየኝ፣ ግማሽ ጫጩት በጣቴ ይዤ ጥቂት አስጠብቃታለሁ። ሮይ ሳያየኝ ማለት ነው።

እልፍነሽን ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። ካምፑ ውስጥ ድንኳናችን አጠገብ ለአጠገብ ነበር። ዮናስ የሚባል አንድ ልጅ አላት፤ ናይሮቢ አክስቱ ዘንድ ቀርቷል። ልጁን ለማስመጣት ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በቋሚነት እንደምትሠራ አሠሪዋ የሚጽፍላት ደብዳቤ ያስፈልጋታል፤ ደግሞ ዮናስ ዕድሜው ሊያልፍ ጥቂት ወራት ነው የቀሩት። ዕድሜው ካለፈ እንደ ልጅ አይቆጠርም፤ ፋይሉ ይዘጋል። ወደ ካልጋሪ ስትመጣ ሥራ ፍለጋ ሁሉንም ሞክራ አቅቷት ነበርና ሮይን ለመንኩላት፤ ወፍ ቤቶቹን ማጽዳት ጀመረች። ሮይ ደብዳቤውን በሚያዝያ መጨረሻ እጽፍልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። እልፍነሽ ያንን ቀን እንደ እርጉዝ ነበር የምትቆጥረው። የሊፍቱን በር ስንጠብቅ እንኳ፣ «አስኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረኝ» ትለኛለች።

ጥሩ ሠራተኛ ነበረች፤ ለዚያ ሥራ ግን የተፈጠረች አልነበረችም። እርግብ ስገድል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በረዷማ ጫጩቶቹን ውኃ ውስጥ ስትዘፈዝፍ በከንፈሯ አንድ ነገር ታነበንባለች። እኔም ነገር እፈልጋታለሁ።

«ፍትሐት ነው እንዴ የምትደግሚላቸው?»

«ተዪኝ፣ አስኩ። ገና የአንድ ቀን ናቸው እኮ።»

«አንቺም ድርጭት አሮስቶ ትወጃለሽ።»

«እሱማ ሲበስል አይታይም። ይቺ ሩቢ ግን… ለምንድነው ቀን በቀን እንዲህ የምታስርቧት? ዐይኗን አይተሽዋል?»

«ካጠገብናት ትሄዳለች።»

«ትሂዳ!» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው ሮይ ሰምቶ እንደሆነ ብላ ዞር ዞር ብላ አየች።

እንግዲህ ፋሲካ ደረሰ። የሮይ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ በቸኮሌት እንቁላሉ አልፏል፤ የእኛ መቼ እንደሆነ አያውቅም፤ አንነግረውምም። ሁለታችንም ሁዳዴን ጾመናል። ቅዝቃዜው ገና አልወጣም ነበር፤ በረዶ እየጣለ ደግሞ እየቀለጠ፣ ጫማችን ከረጠበ ሳምንት አልፎታል። ቤተ ክርስቲያን ብለን የምንሰበሰብበት የኪራይ አዳራሽ ውስጥ ቆመን አድረን፣ ሌሊቱን ፈስከን፣ ዶሮ ወጡንም ክትፎውንም በልተን፣ ማለዳ ተለያየን። የእሑድ ጠዋት መመገብ የእኔ ተራ ስለነበር አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው በመኪናው ግቢው ድረስ አደረሰኝ። እልፍነሽ ለጽዳት የምትመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሮይ በእሑድ አይመጣም።

የሩቢን በር ከፈትኩ። ሆዴ ሞልቷል፤ ጣቴ ቂቤ ቂቤ ይላል፤ ከንፈሬ ላይ በርበሬው አለ። ሩቢ አየችኝ። ጸሎተ ሐሙስ ማታ እኔ ጾሜን ሆኜ ባዶ ድስቴን ባየሁበት ዐይን ነው ያየችኝ። ሁለቱን ጫጩት ሰጠኋት። ዋጠቻቸውና ደግማ አየችኝ። ዛሬ ፋሲካ ነው አልኩ በሆዴ። ፋሲካ ቀን ባለጋራ እንኳ አይራብም፤ ውሻ እንኳ አጥንት አያጣም። አራት ጫጩት ጨመርኩላት። ጉሮሮዋ ሥር ያለው ከረጢት እንደ ብርቱካን አበጠ። ዐይኗን ከደን አደረገች። በዚያ ዘመን ሁሉ ከሠራሁት ሥራ ደግ ነው የምለው ያ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው አጠፋ።

በማግስቱ፣ በማዕዶት ሰኞ፣ የከተማው ሰዎች ሥራችንን ሊያዩ የሚመጡበት ቀን ነበር። ኮንትራቱ የሚታደስበት ጊዜ ነው፤ ሮይ ጢሙን ተላጭቶ ከረባት አስሮ መጥቷል። «ሩቢን መዘንሻት?» አለኝ። አልመዘንኳትም። ቁጥሩ እንዳያጋልጠኝ ፈርቼ ነበር። አራት ጫጩት ብዙ አይደለም፤ እስከ ቀትር ይፈጭላታል፤ ከቀትር በፊት ደግሞ ሌሎቹን እናበራለን ብዬ ገምቼያለሁ። «መዘንኳት፤ ጥሩ ናት» አልኩ። ሮይ ግን በእንግዶቹ ፊት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወዳትን ማሳየት ፈለገ።

ክምሩ ላይ ወጣን። እንግዶቹ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘዋል። ክንዴን ወረወርኩ። ሩቢ ተነሳች፤ ሲጋሎቹም ተነሱ። ከዚያ አንድ ጊዜ ዞረችና መብራት ተሸካሚው ምሰሶ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ላባዋን ማበጠር ጀመረች። አፏጨሁ። ሥጋ የታሰረበትን ማባበያ በገመድ አሽከረከርኩላት። እንደ አንድ የማታውቀው ሰው አየችኝ። ሲጋሎቹ ጥቂት ጠበቁና፣ አንድ በአንድ፣ ከእግሯ ሥር ቆሻሻው ላይ ወርደው መብላት ጀመሩ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። ሮይ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ፊት እንደነበረው እስካሁን አልጠፋኝም። ከዚያ ነፋስ መጣና ሩቢ ነፋሱን ተቀብላ ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ሜዳ ሄደች፤ ቃጭሏ ለጥቂት ጊዜ ይሰማ ነበር።

ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ያገኘናት ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ነው። ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ነክታለች። እግሮቿ እንደ ክብሪት እንጨት ጠቁረዋል፤ ቃጭሏም ቀልጣለች። ሮይ አላለቀሰም። ኮቱን አውልቆ ጠቀለላትና ወደ ግቢው ወሰዳት፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ደረቷን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ሬሳዋን ሚዛን ላይ አወጣ። ቁጥሩን አየሁት፤ ከገመትኩት በጣም ይበልጥ ነበር። አራት ጫጩት ያን ያህል አይመዝንም ብዬ ተገርሜያለሁ፤ ግን ለመገረም ጊዜ አልነበረም።

«ማን አበላት?» አለ ሮይ ቀስ ብሎ።

«እኔ ሁለት ጫጩት ነው የሰጠኋት፤ እንደ ሁልጊዜው።»

«ትናንት ከአንቺ ሌላ እዚህ ማን ነበር?»

ይህን ጥያቄ ሲጠይቀኝ ብዙ መልስ ነበረኝ። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። በዚያ ሰባራ እንግሊዝኛዬ እንዲህ አልኩ፦ «እልፍነሽ ክሊን አደረገች። እልፍነሽ ለወፍ ታዝናለች።» ሁለቱም ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ውሸት እንኳ ለመናገር አልደከምኩም።

ተጠርታ መጣች፤ መጥረጊያውን እንደያዘች ነበር። ሩቢን ጠረጴዛው ላይ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሮይ «አበላሻት?» አላት። እልፍነሽ አንገቷን ደፋች። ሮይ ይህን እንደ አዎ ቆጠረው። እኔ ደግሞ በልቤ፣ አውቃብኛለች፤ አውቃ ነው የሸፈነችልኝ አልኩ። ይህን ማሰብ ከብዶኝ ነበር፤ ግን ምንም እንዳልከበደው ሰው ቆሜ አየሁ።

«ሌተሬስ?» አለች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። «ሚስተር ሮይ፣ ፕሊስ፣ ሌተሬ? ማይ ሰን…»

«ወፌን ለገደለ ሰው ደብዳቤ አልጽፍም» አላት፤ ከግቢውም እንድትወጣ በሩን አሳያት። አሥራ አንድ ቀን ነበር የቀራት።

ማታ ቤቴ መጣች። የወይን ጠጅ ካፖርቷን አላወለቀችም። «አስኩ፣ አንቺን ይሰማሻል። ልጄ ዕድሜው ሊያልፍ ነው። ስለ እመቤቴ ብለሽ ለምኚልኝ፤ መልሶ ባይቀጥረኝም ደብዳቤዋን ብቻ…» አለችኝ። እሺ፣ ነገ አናግረዋለሁ አልኳት። በነጋታው ከሮይ ጋር ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ውለናል፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ሩቢ ካነሳሁ ነገሩ ተመልሶ ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ሥራዬን ወድጄዋለሁ፤ ጓንቱን ወድጄዋለሁ። ማታ ለእልፍነሽ ደውዬ፣ «ጉልበቱ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ ድንጋይ ነው፣ እምቢ አለኝ» አልኳት። በስልክ ውስጥ አለቀሰች፤ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ እያለች መረቀችኝ።

ሌላ ሥራ፣ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ያገኘችው በመስከረም ነው። ዮናስ ዕድሜው ያለፈው በሐምሌ ነበር። ፋይሉ ተዘጋ። ልጁ ናይሮቢ ተቀምጦ መጠበቅ ሰለቸውና ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ በጭነት መኪና ተነሳ። ከአንድ ድንበር ከተማ አንዴ ደወለ፤ ካርዱ አልቆበት ንግግሩ ሳያልቅ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። እንጀራዬን እየበላሁ የሰማሁት ይህን ነው፤ እንጀራዬን ጨረስኩ። እልፍነሽ ከእኛ ሰፈር ለቃ ሄደች፤ በቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ስንተያይ እየሸሸሁ መንገድ እቀይር ነበር። ሮይ በሩቢ ቦታ ሌላ ወፍ አመጣ፤ እሷንም ያበረርኳት እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ። ጫጩት ስቆርጥ መቀሴ አንድ ጊዜም ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የአገር ሴቶች ዶሮ የሚያርድላቸው ወንድ ሲያጡ በጓሮ በር ወደ እኔ ይመጡ ጀመር፤ ለባሎቻቸው አይናገሩም። «እትዬ አስካለ እጇ ጠንካራ ነው» ይባልልኝ ነበር፤ እኔም እኮራበታለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በፋሲካ፣ ካልጋሪ አጠገብ፣ ኤርድሪ በምትባል ከተማ ቤት የገዙ ዘመዶች ጠርተውን ሄድኩ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ልጆች በእንግሊዝኛ እየጮሁ ደረጃ ይወጣሉ ይወርዳሉ። አንዲት ፀጉሯ ጥጥ የሆነ ሴት ሶፋው ጥግ ላይ ሳህኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። እልፍነሽ ነበረች። ሸሽቼ የምሄድበት ስላልነበረ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተቃቀፍን፤ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ሆኗል። ያለፈውን አልነካካንም፤ ስለ ደም ግፊታችን አወራን። እኔ እበላለሁ፤ እሷ ሳህኗን አልነካችም።

«ብይ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

«አልበላም፣ አስኩ። ለማንም አትንገሪ። ፋሲካ ቀን እስኪመሽ አልቀምስም።»

«በፋሲካ? ክልክል አይደለም እንዴ?»

«ክልክል ነው። ንስሐ አባቴም ተቆጥተውኛል። ግን አልወርድ ይለኛል፤ ስንት ዓመቴ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያቺን ወፍ ያበላኋት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ከሰዓት ስመጣ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ዛሬማ ፋሲካ ነው ብዬ ከማቀዝቀዣው አንዲት ድርጭት አውጥቼ ከነአጥንቷ ሰጠኋት። አንዲት ድርጭት ትገድላታለች ብዬ መቼ አሰብኩ? ልጄን በገዛ እጄ ነው ያስቀረሁት፣ አስኩ። አንቺ ደግሞ ንጹሕ ነች ብለሽ ለእኔ ብለሽ ሮይ ጉልበት ላይ ወደቅሽ። ያንን ሳስብ አፈር ነው የምሆነው።»

መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር፤ ደስታ ነው። እንግዲያው በሐሰት አልወነጀልኳትም አልኩ፤ የዚያ ሁሉ ዓመት ሸክም ከትከሻዬ ወረደ። ደስታው አንድ ጉርሻ ለማላመጥ የሚበቃ ጊዜ ቆየ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ የነበረው ቁጥር ትዝ አለኝ። አንዲት ድርጭት ብቻዋን ሩቢን አታስኮበልላትም ነበር። የእኔ አራት ጫጩት ብቻውንም እንዲሁ። አንድ ላይ ናቸው የገደሏት፤ ብመዝናት ኖሮ ደግሞ ሁለቱም ባልገደሏት ነበር። ሮይ ሞቷል። ይህን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «እኔም አብልቻት ነበር፤ ደግሞ አልመዘንኳትም» ማለት ነው፤ ስድስት ቃል አይሞላም። ይህን ብላት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትበላለች። ደግሞም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔን ታውቀኛለች።

«እልፌ…» አልኩ።

«ግድ የለሽም፣ አትዘኚብኝ። እንቺ ይልቅ፣ የእኔን ድርሻ አንቺ ብይልኝ» አለችና ከሳህኗ እንቁላሉን ከሥጋው ጋር ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች። ወጡ በጣቷ ላይ ይወርዳል። ፊቴን ትኩር ብላ ታየኛለች።

አፌን ከፈትኩ። አጎረሰችኝ።

«ጣፈጠሽ?» አለችኝ።

«ጣፍጦኛል» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።